ሠራተኛን ስለ ማሰናበት

በቆሰበር ከተማ በሆቴልና በወፍጮ ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ አላችሁ፤ ነገ ቀጣሪ የምትሆኑም አትጠፉም። አሠሪ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ማለት ምን ያህል ሊቀለው ይገባል?

ማሰናበት ፈጽሞ ቢከለከል ሰነፉ ይዝናናል፤ አሠሪውም መቅጠር ይፈራል። እንዳሻው ያባር ቢባል ደግሞ መብቱን የጠየቀ ሁሉ በማግሥቱ ሜዳ ላይ ይወድቃል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መካከለኛውን መንገድ ይዟል። ሠራተኛው በ60 የሥራ ቀናት ይሞከራል። ከዚያ ወዲያ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ አቤቱታ ማቅረቡ ምክንያት አይሆንም። ማስጠንቀቂያውም እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። ያጭበረበረ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ሠራተኛውም ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

እንግዲህ ማሰናበት ይቻል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ይነገር፣ ጊዜም ይሰጥ። ያ ጊዜ ለተሰናባቹ የቤት ኪራዩና የልጆቹ እንጀራ ነውና።