«የእኔ ደግሞ ምኑ ታሪክ ይሆናል?»

እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር፣ የሆቴሎችን ታሪክ ማግኘት ቀላል ነው። ሳሃራ እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ። ሪቪዬራ በ1955 ተከፍቶ በ2015 ተዘጋ፤ በ2016 ሲፈርስም በቪዲዮ ተቀርጿል። በየሆቴሉ አልጋ ያነጠፉ፣ ዕቃ ያጠቡ፣ እንግዳ በታክሲ ያመላለሱ ወገኖቻችን ታሪክ ግን ያለው በየቤቱ፣ በቡና ጨዋታ ላይ ነው።

እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ለብዙ ዓመታት የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረዋል። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ስላቸው ሳቁና «የእኔ ደግሞ ምኑ ታሪክ ይሆናል ልጄ?» አሉኝ። ስህተቱ የጥያቄዬ ነበር። በነርሲንግ ትምህርታችን ታካሚን ስንጠይቅ «ሕመሙ ሲጀምርዎት ምን እየሠሩ ነበር?» እንላለን። ስለዚህ «ሥራ የጀመሩ ዕለት ምሳ ምን በሉ?» አልኳቸው። ጨዋታው ከዚያ ወዲያ አላቆመም። እንጀራው እንዳይሸት በፌስታል ደራርበው መቋጠራቸውን፣ «ፎጣ» እና «አንሶላ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ መዳፋቸው ላይ በእኛ ፊደል ጽፈው ሥራ መግባታቸውን አጫወቱኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ሌላ ቀን እቀዳለሁ» አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ስትሮክ መታቸው፤ አሁን ይሰማሉ እንጂ መናገር ይቸግራቸዋል። ልጃቸው የመዳፉን ነገር የሰማችው ከእኔ ነው።

እናንተ እንዳትዘገዩ፦

1. አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ለተግባር ልምምድ የምትወጡ የጤና ተማሪዎች ግን ታካሚ አትቅዱ።
2. ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ዕቃ ጠይቁ። የድሮ ፎቶ ወይም የሥራ ባጅ ብዙ ያስታውሳል።
3. ዝም ሲሉ ጠብቁ፤ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትደርድሩ።
4. ስም፣ ቀንና ቦታ መዝግቡ። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ለባለታሪኩ ስጡ።

ረጅም ጊዜም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ ተራ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለ40 ደቂቃ ያህል ያነጋግራል፤ ቅጂዎቹም በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ። እዚሁ አጠገባችን ባለው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ቤተ መጻሕፍትም የቃል ታሪክ ማዕከል አለ።

እትዬ ጋ አሁንም እሄዳለሁ። ያስታወስኩትን ጽፌ አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አስተካክላለሁ።