ድፍድፍ ነዳጅና ውሃ በአለት ውስጥ እንዴት ይፈስሳሉ?

«የነዳጅ ክምችት» ሲባል ብዙዎቻችን ከመሬት በታች የተንጣለለ ጥቁር ሐይቅ በዓይነ ኅሊናችን ይታየናል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው በአብዛኛው በአሸዋ ድንጋይና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። በእነዚሁ ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃም አለ። ለመሆኑ ሁለቱ ፈሳሾች ይህን ጠባብ መንገድ እንዴት ይጋሩታል?

ፈሳሹ አንድ ብቻ ሲሆን ሕጉ ቀላል ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ውሃን በአሸዋ ዓምድ ውስጥ አሳልፎ እንዳሳየው፣ የግፊት ልዩነቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፤ ዓምዱ ሲረዝም ደግሞ ይቀንሳል።

ፈሳሾቹ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። ቀዳዳዎቹን እኩል ቢካፈሉ፣ እያንዳንዱ ፈሳሽ ብቻውን ቢሆን ከሚፈስሰው ግማሹን ያህል ይፈስሳል ብለን እንጠብቅ ይሆናል። ሙከራ የሚያሳየን ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የተጨመሩት ሁለቱ ድርሻዎች አንድ ሙሉ እንደማይሆኑ ነው። በመገናኛ ድንበራቸው ላይ ያለው የገጽታ ውጥረት እንቅስቃሴያቸውን ይገታዋልና።

ነዳጁን ለማውጣት ውሃ በግፊት ወደ አለቱ ሲገባ፣ ውሃው ነዳጁን ወደ ማውጫው ጉድጓድ ይገፋዋል። ይሁንና አለቱ በውሃ መርጠብን የሚመርጥ ከሆነ፣ ውሃው በጠባቦቹ መተላለፊያዎች እየቀደመ የነዳጁን ጅረት ይበጣጥሰዋል። የተቆረጠው ነዳጅ በሰፊዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይታሰራል። ስለዚህ ገፊው ውሃ ራሱ አሳሪም ይሆናል።

ያው ባሕርይ ግን ሊጠቅምም ይችላል። በሰሜን ባሕር የሚገኘው የኖርዌይ ኤኮፊስክ መስክ አለቱ ጠመኔ ነው። የጠመኔን ጫፍ ውሃ ውስጥ ብንነክር ውሃውን ወደ ውስጥ ሲስበው እናያለን። በኤኮፊስክም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በስፋት የገባው የባሕር ውሃ ወደ ጠመኔው እየሰረገ ነዳጁን ወደ ስንጥቆቹ አስወጥቷል። መጀመሪያ ከክምችቱ 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ይወጣል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ ኋላ ግን ግምቱ ወደ 50 በመቶ ገደማ አድጓል፤ ለዚህም ውሃው ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ይህ እውቀት ለነዳጅ አውጪዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከተሰነጠቀ ማጠራቀሚያ የፈሰሰ ናፍጣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲደርስም በዚያው ሕግ ጠብታ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ይታሰራል፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት እየሟሟ የጉድጓድ ውሃን ለብዙ ዓመታት ይበክላል። ውሃውን በፓምፕ በመሳብ ብቻ ማጽዳት የሚያዳግተውም ስለዚህ ነው።