ለግዙፍ ምስል ፊልሞች ሲኒማ ቤትና መቀመጫ መምረጥ፦ ከላምበረት ለሚነሣ ተመልካች

ከላምበረት ተነሥቶ ፊልም ለማየት የሚሄድ ተመልካች በመገናኛ በኩል አልፎ ወደ ፒያሳ ወይም ወደ ቦሌ ያመራል። በፒያሳ ስማቸው የሚነሣው ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር የነጠላ ሰፊ አዳራሽ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ በቦሌ ኤድና ሞል የተከፈተው ማቲ ሲኒማ ግን በርካታ አዳራሾችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነው። ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሸራው ትልቅ ነው የተባለውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሸራው ስፋት ብቻውን በቂ መለኪያ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

የምስል ምጣኔ። በ1970 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኦሳካ ኤክስፖ ለሕዝብ የቀረበው አይማክስ፣ በ70 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚታይ ሲሆን የምስሉ ስፋት የቁመቱን 1.43 እጥፍ ነው። ይህ ምስል ምጣኔው 2.39 በሆነ የተለመደ ሰፊ ሸራ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ፣ ከቁመቱ 40 በመቶ ያህሉ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ፊልሙ በየትኛው አዳራሽና በየትኛው ምጣኔ እንደሚታይ መጠየቅ ይገባል።

የእይታ ማዕዘን። ቲኤችኤክስ የተባለው የሲኒማ ጥራት መለኪያ፣ ከመጨረሻው ረድፍ እንኳ ሸራው 36 ዲግሪ ያህል እንዲሸፍን ይመክራል። 20 ሜትር ስፋት ካለው ሸራ በ30 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው 37 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 12 ሜትር ከሆነው ሸራ በ15 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ግን 44 ዲግሪ ያህል ያገኛል። በዚህም ትንሹ ሸራ ለዐይን ይበልጥ ይገዝፋል።

ለዚህ ልኬት መሣሪያ አያስፈልግም። ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚለካ ስንዝር በግምት 20 ዲግሪ ስለሚሸፍን፣ ሸራው ሁለት ስንዝር ከሞላ መቀመጫው ተስማሚ ነው። ከዚያ እጅግ የቀረበ ረድፍ አንገትን ያደክማል፤ የዳር መቀመጫም ምስሉን ያዛባል። የድምፅ ባለሙያዎች አዳራሹን የሚያስተካክሉት ከሸራው እስከ ኋላው ግድግዳ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ በመካከለኛው መስመር ስለሆነ፣ ድምፁም በዚያው አካባቢ ይመጣጠናል።

ከዚህ በመነሣት፣ በቅርብ አዳራሽ መካከል ላይ የተገኘ መቀመጫ በሩቅ ግዙፍ አዳራሽ ጥግ ከተረፈው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለትራንስፖርትና ለትኬት ከሚወጣው ገንዘብ አንጻር፣ ቀድሞ ደርሶ ወንበር መምረጥ ሸራ ከመምረጥ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።