ጀልባን ወደ ተራራ መጎተት፦ ከፍታ በሞተር፣ በፍሬንና በሰው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ

ጀልባ ሲባል ወደ አብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚመጣው ባሕር ወይም የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ይሁንና በአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት በሞቃቱ ወራት ጀልባቸውን በተሳቢ ጭነው፣ ድንኳንና መንጠቆ ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። ከመድረሻዎቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1937 በተጠናቀቀ የአፈር ግድብ የተፈጠረው የቴይለር ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,844 ሜትር ላይ ይገኛል። ከምሥራቅ የሚመጣ ተጓዥ ከቢዩና ቪስታ ከተማ (2,428 ሜትር) ተነሥቶ፣ እንደ እኛው ጣርማ በር ያለ ግን 3,696 ሜትር ከፍታ ያለውን የኮተንውድ የተራራ በር መሻገር አለበት። መነሻዋ ከተማ በከፍታ ከአዲስ አበባ እምብዛም አትለይም። የሚያሳስበው ከእርሷ በላይ ያለው መንገድ ነው።

በመጀመሪያ ዳገቱን እንመልከት። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ነው። በተራራው በር ላይ የአየሩ እፍገት በባሕር ጠለል ካለው 30 ከመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ባለ 200 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ ሲደርስ የሚሰጠው ወደ 140 የሚጠጋ ብቻ ነው። አቅም በጣም በሚፈለግበት ቦታ አቅም ይጎድላል ማለት ነው። ቢሆንም ዳገት ላይ የደከመ ሞተር ተጓዡን ያዘገየዋል እንጂ ለአደጋ አይዳርገውም።

ከባዱ ፈተና ቁልቁለቱ ነው። መኪናው፣ ተሳቢውና ጀልባው በአንድነት 3,500 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። በመልስ ጉዞ ከተራራው በር እስከ ከተማዋ 1,268 ሜትር ይወርዳሉ። ክብደትን በስበት ፍጥንጥነትና በከፍታ ስናባዛ የሚለቀቀው እምቅ ጉልበት 43 ሜጋ ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ጉልበት 130 ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። ሁሉም በ40 ኪሎ ግራም የፍሬን ብረት ላይ ቢያርፍና አንዳች ሙቀት ወደ አየር ባይወጣ፣ የብረቱ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር፤ ብረት ግን በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። በተግባር ከጉልበቱ ከፊሉን የነፋስና የጎማ ሰበቃ ይወስደዋል፤ ፍሬኑም ራሱ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ቀሪው ግን አሁንም እጅግ ብዙ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላ ቢሆንም፣ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ከፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ስለሚታመቅ ፔዳሉ እግር ሥር እስከ ወለል ይሰምጣል። ልምድ ያላቸው የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት በዚህ ምክንያት ነው፦ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ሙቀቱም በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ይወጣል።

በዚሁ ቁልቁለት ላይ የጭነቱ አደራደር ዋጋ አለው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው በመኪናው ጋንቾ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። የነዳጅ ጀሪካን፣ መልሕቅና ድንኳን ሁሉ ከጀልባው ኋላ ከተከመሩ የክብደት ማዕከሉ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውዝዋዜው እየሰፋ መኪናውን እስከ መገልበጥ ይደርሳል።

ሐይቁ ላይ ሲደረስ ጀልባዋ እንደ ሞተሯ አትሆንም። የምትገፋው ውሃ ክብደት ከራሷ ክብደት ጋር እኩል መሆን ስላለበት የምትሰምጠው በቆላ ያህል ነው፤ አርኪሜዲስ ከፍታን አይጠይቅም። ሞተሯ ግን ከአቅሙ ሩብ ያህሉን ያጣል። በዚህም ምክንያት በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም የተለመደ ነው። ድንኳኑ ዘንድ ደግሞ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላ ለመቀቀል የተነሣ ሰው ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ዓሣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚበስል እራት አይዘገይም።

ዓሣው የት ነው? ውሃ እፍገቱ የሚበዛው በ4 ዲግሪ በመሆኑ ፀሐይ ላይኛውን ክፍል ስታሞቀው ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። ቅዝቃዜ ወዳዱ የሐይቅ ትራውትም ወደዚያ ይወርዳል። አጥማጁ ከዳር ርቆ ከጥልቁ በላይ መዋል ያለበት፣ ጀልባውም ይህን ሁሉ መንገድ የተጎተተው ለዚህ ነው። ከዳር መራቅ ግን የራሱ አደጋ አለው። በበረዶ ቅላጭ ወደሚሞላ ሐይቅ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይወድ በግድ በኃይል ይተነፍሳል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ይሰምጣል። ይህን ቢያልፍ፣ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በተሻለ ስለሚያስተላልፍ፣ በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ እጅና እግሩ አይታዘዙትም። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ያው ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሚያገለግለው ከመቀመጫ ሥር ተቀምጦ ሳይሆን ከመነሻው ተለብሶ ሲቆይ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ገመዱን የሚያስር ጣት አይገኝምና።