የስልክ ፈቃድ፦ ከዋጋው ይልቅ ግዴታው ይነበብ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ የሚጭን ነጋዴ ትርፉም ኪሳራውም በስልክ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙዝ ጊዜ አይሰጥም። የአዲስ አበባን የጅምላ ዋጋ ሳይጠይቅ መኪና ያስጫነ ሰው፣ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ዋጋ ቢወርድ የሚካፈለው የለም። ስለዚህ የስልክ መስመር ማን ይዘርጋ፣ በምንስ ውል ይሥራበት የሚለው ጥያቄ የሕግ አዋቂዎች ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ነው።

ለመሆኑ ፈቃድ ሲባል ምን ማለት ነው? መንግሥት የሬዲዮ ሞገድን የመጠቀምና መስመር የመዘርጋት መብትን ለተወሰነ ዘመን ለአንድ ድርጅት ሲሰጥ፣ ድርጅቱ ገንዘብ ይከፍላል፤ ግዴታም ይሸከማል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት የምድር ባቡር ኮንሴሽን ሲሰጡ፣ ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር መዘርጋትም በውሉ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስልክ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ኖረ። አዋጅ ቁጥር 49/1989 ተቆጣጣሪውን ከአገልግሎት ሰጪው ለየ፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማሻሻያም ባለሀብቱ ከመንግሥት ጋር በሽርክና እንዲገባ ፈቀደ። ያም ሆኖ ገበያው በአንድ ድርጅት እጅ ቆየ። በሩ በእርግጥ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚገኝበት ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ውድቅ ሆነ። የፈቃዱ ዘመን 15 ዓመት በመሆኑ ክፍያው በዓመት ሲካፈል ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በጨረታው ወቅት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በፈቃዱ አልተካተተም፤ ማማ ሠርተው የሚያከራዩ ሌሎች ድርጅቶችም አልተፈቀዱም ነበር። የሞባይል ገንዘቡ በ2015 ዓ.ም. ሲፈቀድ 150 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ተከፈለበት። ፈቃድ የሚመዘነው በሰጠው ብቻ ሳይሆን በከለከለውም ነው።

ይህ ሁሉ ዶላር ግን የገባው ወደ ፌዴራል ካዝና ነው። ለጋሞ ዞን ነጋዴ የሚደርሰው ከውሉ ሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛው ሽፋን ነው። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ጨንቻ ደጋ ላይ ማማ መትከል ወጪው ከባድ፣ ደንበኛው ከከተማ ያነሰ ነው። ግዴታ ካልተጣለበት ማንኛውም ኩባንያ ቆላው ከተማ ላይ ይቀራል፤ ሸማ ሠርቶ ለሽሮ ሜዳ የሚልከው የዶርዜ ሸማኔም ዋጋ የሚሰማው ከሰው አፍ ይሆናል።

ሁለተኛው የኔትወርኮች ትስስር ነው። በ07 የሚጀምር ስልክ የያዘ ነጋዴ በ09 የሚጀምረውን ገበሬ በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት ካልቻለ፣ ሁለት ኩባንያ መኖሩ ሁለት ቀፎ ከመሸከም በቀር አይፈይደውም።

ሦስተኛው መሠረተ ልማትን በጋራ መጠቀም ነው። አንድ ማማ ሁለት ኩባንያ ካገለገለ ወጪው ይካፈላል፤ ኪራዩ ከተወደደ ግን ሩቅ ቀበሌዎች ይተዋሉ።

ባለሀብቱም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን እያንዳንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሽያጭ አቅርቧል። ለገበሬው ጥቅም የሆነው የሽፋን ግዴታ ለባለአክሲዮኑ ወጪ ነው፤ የትርፍ ድርሻን አስቀድሞ መገመት የሚሻ ይህን ማወቅ አለበት።

ደላላውም ይጠንቀቅ። ገበሬው ዋጋን በራሱ ስልክ ሲጠይቅ፣ ወሬ በመያዝ ብቻ የሚገኝ ኮሚሽን ይቀንሳል። የሚቀረው መኪና በሰዓቱ የማቅረብ፣ ጥራት የመለየትና ገንዘብ በእምነት የማድረስ ሥራ ነው። ለዚያ ከወዲሁ የተዘጋጀ ደላላ አዲሱ መስመር ደንበኛ ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።