አራጣ፣ ወለድ እና የተቸገረ ሰው
የእስልምና ሕግ ለተበዳሪው የሚከፍተው በር ምን ያህል ነው?

ሱቁ የተቃጠለበት ነጋዴም ሆነ ለሕክምና የሚከፍለው ያጣ የቤተሰብ ኃላፊ ሙስሊም ከሆነ፣ ብድር ፍለጋ ሲወጣ የሚያሳስበው የወለዱ መጠን ብቻ አይደለም። ብድሩን መውሰዱ ኃጢአት ይሆንበት እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ግን አጭር ነው። አንዳንዱ “ወለድ ሐራም ነው” ብሎ ያሰናብተዋል፤ ሌላው “ችግር ሐራሙን ይፈቅዳል” ብሎ ይሸኘዋል። ጉዳዩ ከሁለቱም መልሶች ሰፋ ያለ ነው።

አራጣና ወለድ

በአማርኛ “አራጣ” እና “ወለድ” ለየብቻ ይታያሉ። አራጣ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የባንክ ወለድ ግን ሕጋዊ ነው። በእስልምና ሕግ በብዙኃኑ ሊቃውንት ዘንድ ይህ ልዩነት የለም። በብድር ላይ በቅድሚያ ስምምነት የሚታሰብ ጭማሪ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ሪባ ይባላል። የአል-አዝሀር የእስልምና ጥናት ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1965 በካይሮ፣ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባዔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በጅዳ ይህንኑ አቋም አጽድቀዋል። የተለየ አስተያየት የሰጡም አልጠፉም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ሰርተፊኬቶችን ትርፍ ፈቅደዋል።

ለአበዳሪው በሩ ዝግ ነው

ከእስልምና በፊት በዐረቦች ዘንድ በሰፊው ከሚታወቁት የሪባ ዓይነቶች አንዱ፣ ዕዳውን በቀኑ መክፈል ያልቻለ ሰው ጭማሪ እየታሰበበት ጊዜ የሚራዘምለት ነበር። በሌላ አነጋገር ለተቸገረ ሰው ጊዜ በገንዘብ ይሸጥለት ነበር። ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 280 ይህን ይገለብጠዋል፤ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ ድረስ በነፃ እንዲታገሡት ያዝዛል፣ ዕዳውን መተው ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ይገልጻል።

ከዚህ አኳያ የ1965ቱ የካይሮ ውሳኔ ሁለቱን ወገኖች ለያይቶ ተመልክቷል። በወለድ ማበደር በፍላጎትም ሆነ በብርቱ ችግር አይፈቀድም። በወለድ መበደርም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ሆኖም ተበዳሪው በብርቱ ችግር ከተገደደ ኃጢአቱ ይነሣለታል። የችግሩን ብርታት መመዘን ለራሱ ለተበዳሪው ሃይማኖታዊ ሕሊና ተትቷል።

“ችግር” ሲባል

ሊቃውንቱ ሁለት ደረጃዎችን ይለያሉ። ዶሩራ ሕይወትን ወይም አካልን ለአደጋ የሚያጋልጥ ችግር ነው። ሐጃ ደግሞ ኑሮን የሚያከብድ፣ ግን እስከ ሞት የማያደርስ ፍላጎት ነው። በዶሩራ ብዙዎቹ ሲስማሙ በሐጃ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1563 ያረፉት የሐነፊ ሊቅ ኢብን ኑጀይም ችግረኛ ጭማሪ እየከፈለም ቢሆን መበደር እንደሚችል ጽፈዋል። የአውሮፓ የፈትዋና የምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ በአውሮፓ የሚኖር ሙስሊም ሌላ አማራጭ፣ ሌላ ቤትና በቂ ትርፍ ሀብት ከሌለው ለራሱ መኖሪያ ቤት በባንክ ብድር መግዛት እንደሚችል የወሰነው ሐጃን መሠረት አድርጎ ነው። ውሳኔው ከሌሎች ሊቃውንት ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል።

የችግር ፈቃድ መጠን አለው። የኦቶማን መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ የነበረው መጀላ በአንቀጽ 21 ብርቱ ችግር ክልክሉን እንደሚፈቅድ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 22 ፈቃዱ በችግሩ ልክ ብቻ መሆኑን ወዲያው አክሏል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና 60,000 ብር ተጠየቀ እንበል። በእጁ 20,000 ብር አለው። የማያስፈልገውን ሞተር ብስክሌት ቢሸጥ 15,000 ያገኛል፤ ወንድሙም 10,000 ያለ ወለድ ያበድረዋል። የቀረው 15,000 ብር ነው። ከሌላ ቦታ ካጣ ፈቃዱ የሚሸፍነው ይህንኑ 15,000 ብቻ ነው። “ባንክ ከገባሁ አይቀር” ብሎ ሱቅ ለማስፋፋት 100,000 ቢበደር ትርፉ ከችግሩ ውጪ ነው።

አማራጭ ሲኖር

አማራጭ በሰፋ ቁጥር የችግር ምክንያት ይጠባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ባለቤት ከሆነ በኋላ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል። በመሆኑም ዕቃ ለመግዛት በወለድ የሚበደር ነጋዴ “አማራጭ አጣሁ” ማለቱ ከበፊቱ ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ ሙራበሓ ሸቀጥ ይፈልጋል፤ ለቤት ኪራይ ውዝፍ ወይም ለተከማቸ ዕዳ ጥሬ ገንዘብ ለሚያስፈልገው ሰው አይመችም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ቀርደል ሐሰን የሚባለው ያለ ጭማሪ የሚመለስ ብድር ሲሆን፣ ለዚህ ደግሞ ትርፍ ሳይጠይቅ የሚያበድር ዘመድ ወይም ተቋም ያስፈልጋል። ዕቁብም ይረዳል፤ ነገር ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን በጭማሪ ገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ የሪባ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ የተቸገረ ሰው ዓሊም ዘንድ ሲቀርብ “ወለድ ይፈቀድልኛል ወይ?” ከማለት በፊት አራት ነገሮችን ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል። እነዚህም የጎደለው ገንዘብ ልክ፣ የሚፈለግበት ቀን፣ የሞከራቸው አማራጮች እና የብድሩ ውል ናቸው። ፈትዋው የሚሰጠው በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው።