የኢንተርኔት አድራሻ ለትልቁም ለትንሹም እንዴት ይከፈል?

ስለ ኢንተርኔት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዋጋውና የፍጥነቱ ነገር ነው። እኔ ግን ብዙ ሰው ስለማያስበው ስለ አድራሻ ቁጥሮች አከፋፈል በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ደብዳቤ ያለ አድራሻ ከባለቤቱ እንደማይደርስ ሁሉ፣ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክትም የላኪውና የተቀባዩ ቁጥር ካልተጻፈበት መንገዱን አያገኝም። ይህ ቁጥር የአይፒ አድራሻ ይባላል። የቀድሞው ዓይነት፣ አይፒ ቪ 4 የሚባለው፣ በ32 ቢት የሚጻፍ ነው፤ ቢት ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚሆን ምልክት ነው። ስለዚህ 2ን 32 ጊዜ ወስደን ብናባዛ 4,294,967,296 እናገኛለን። የዓለም ሕዝብ ግን ከ8 ቢሊዮን በላይ ነው። የስልክ ቁጥር ቢያጥር አዲስ መነሻ ይጨመራል፤ በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም በ09 ሲጠቀም ለሳፋሪኮም 07 እንደ ተሰጠው ማለት ነው። ለአይፒ ቪ 4 ግን አንዲት አሃዝ እንኳ መጨመር አይቻልም።

በመጀመሪያው ዘመን አድራሻ ይታደል የነበረው በሦስት መደብ ነበር፤ ይኸውም 16,777,216፣ 65,536 እና 256 ነው። አንድ ሺህ የሚያስፈልገው ድርጅት ትንሹ መደብ ስለማይበቃው፣ መካከለኛውን ሲወስድ ከ64 ሺህ በላይ ያለ ሥራ ይቀር ነበር። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ትልቁን መደብ ይዞ ኖሮ፣ በ2009 ዓ.ም. 14 ሚሊዮኑ ሥራ ላይ እንዳልዋለ አስታውቆ ከፊሉን ሸጧል። ይህን ብክነት ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1993 የመደቡ ሥርዓት ተለውጦ፣ ለእያንዳንዱ በሚያስፈልገው መጠን መስጠት ተጀመረ።

ዛሬ አድራሻ የሚያድሉ አምስት የክፍለ ዓለም መዝገብ ቤቶች አሉ። የአፍሪካው አፍሪኒክ ሲባል፣ በ1997 ዓ.ም. ዕውቅና አግኝቶ መቀመጫውን በሞሪሸስ አድርጓል። ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለሙ ማዕከላዊ ጎተራ ባዶ ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ትልልቅ ክፍሎችም ለአምስቱ መዝገብ ቤቶች አንድ አንድ ተደረሱ።

እንግዲህ ፍትሕ የቱ ነው? እኩል ማካፈል ነውን? ወይስ እንደ ፍላጎት? በእኛ በትየርኪዲ ራሽን የሚሰፈረው በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ነው። ለስምንት ነፍስና ለአንድ ነፍስ እኩል ቢሰፈር ፍርድ አይሆንም። እንዲሁም ሚሊዮን ደንበኛ ያለው አቅራቢና መቶ ደንበኛ ያለው አቅራቢ እኩል ሊሰጣቸው አይገባም። ነገር ግን ቀድሞ የተሰለፈው ለዛሬም ለከርሞም የሚሆነውን ጭኖ ቢሄድ፣ ነገ ድንበር ተሻግሮ ለሚመጣው ምን ይቀርለታል? በፍላጎት ብቻ ሲሰፈር ትልቁ ሁልጊዜ ትልቅ ፍላጎት ይዞ ይቀርባልና፣ ቁናው ትንሹ ሳይደርስ ያልቃል።

አፍሪኒክም ይህን ተመልክቶ ክምችቱ እየሳሳ ሲሄድ ለአንድ ማመልከቻ የሚሰጠውን ወሰነ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያው 524,288 ሆነ፤ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 1,024 ወረደ። ዳግመኛ የሚጠይቅም የወሰደውን ከመቶ 90 እጅ መጠቀሙን ማስረዳት አለበት። ይህ ሥርዓት ዘግይቶ ለሚመጣ ትንሽ አቅራቢ በር ይከፍታል። በአገራችን ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሥራውን በይፋ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ጣሪያው 1,024 ነበር። ለትንሽ አቅራቢ የሚበቃ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ግን ኢምንት ነው።

አድራሻ ያጠረው አቅራቢ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ሥር ያኖራል። ዘዴው ይሠራል፤ ጉዳት ግን አለው። ከነዚያ መካከል አንዱ ጥፋት ቢሠራና አድራሻው ቢታገድ፣ ትምህርት የሚፈልገው ተማሪ ባላጠፋው ጥፋት በር ይዘጋበታል።

እውነተኛው መድኃኒት በ128 ቢት የሚጻፈው አዲሱ አይፒ ቪ 6 ነው፤ ብዛቱም 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። ሆኖም አሮጌውና አዲሱ በቀጥታ ስለማይነጋገሩ፣ ሁሉም እስኪሻገር ድረስ አሮጌው መፈለጉ አይቀርም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ አከፋፈል ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ በሚያስፈልግ ልክ መስፈር፣ የተሰጠው በሥራ ላይ መዋሉን መመርመር፣ ላልመጣው ሰው ድርሻ ማስቀመጥ። የመጨረሻውን እኛ በትየርኪዲ ያለን ተማሪዎች ከማንም ይልቅ እናስተውለዋለን። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሒሳብንና ኮምፒዩተርን ተግተን እንማር፤ ነገ ሰፋሪዎቹ እኛ ልንሆን እንችላለንና።